ቤታችሁ መንገድ ላይ ሲቆም፦ በአውሮፓ የካምፐር ጉዞ ላይ ብልሽት ሲያጋጥም ምን ይደረጋል

ተራ መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ ባለቤቱ ቁልፉን ለጎታቹ ሰጥቶ በታክሲ ሆቴል ይገባል። ካምፐር ሲበላሽ ግን አልጋውም፣ ምጣዱም፣ የልጆቹ ፒጃማም፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ወጥም አብሮ ሎቤድ ላይ ይወጣል። እኔ መካኒክ አይደለሁም። ከፍራንክፈርት እየተነሳሁ በ2008 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ወራትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በተሠራ ፊያት ዱካቶ ከቤተሰቤ ጋር ስድስት ጊዜ በሐምሌና በነሐሴ ወደ ደቡብ ወርጃለሁ፤ ከስድስቱ በአራቱ መንገድ ላይ ቆመናል። ብዙ ገንዘብና ብዙ ቀን የበላብን ሁልጊዜ እኛው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የሠራነው ስህተት ነው። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው በአብዛኛው ያንን ግማሽ ሰዓት ስለማለፍ ነው፤ ሞተር መፍታቱን ለባለሙያው እተወዋለሁ።

1. ከቤት ሳትወጡ

አውሮፓ ውስጥ መንገድ ላይ እርዳታ የሚመጣው ወይ ከአውቶሞቢል ክለብ ወይ ከመድን ድርጅት ነው። ጀርመን ለሚኖር አበሻ ቅርቡ ኤዲኤሲ ነው፤ በ1903 የተመሠረተው፣ ቢጫ መኪኖቹን ሁሉም የሚያውቃቸው ክለብ ነው። ነገር ግን መሠረታዊው አባልነት፣ ባዚስ የሚሉት፣ የጀርመንን ድንበር አያልፍም። መላው አውሮፓን የሚሸፍነው ፕሉስ የሚባለው ነው። አንድ ወዳጄ ይህን ያወቀው ስሎቬኒያ ውስጥ፣ መኪናው ሎቤድ ላይ ከወጣ በኋላ ነበር። የመድን ድርጅቶችም ሹትስብሪፍ የሚሉትን ተመሳሳይ ሽፋን ይሸጣሉ። የትኛውንም ብትይዙ ደውላችሁ እነዚህን ጠይቁና መልሱን በኢሜይል ተቀበሉ፦ የመኪናዬን ክብደት፣ ርዝመትና ከፍታ ትሸፍናላችሁ? ጋራዡ መለዋወጫ ካጣ ከጀርመን ትልካላችሁ? ጥገናው ቀናት ከፈጀ ሆቴልና ኪራይ መኪና ለስንት ቀን ትከፍላላችሁ? ፈጽሞ ካልተጠገነስ መኪናውን ወደ ቤት ትመልሳላችሁ? የመጀመሪያው ጥያቄ ለካምፐር ከሁሉም ይበልጣል፤ ለትንሽ መኪና የተጻፈ ውል 3 ሜትር ለሚጠጋ ከፍታ ላይሠራ ይችላል።

ቀጥሎ የመኪናውን ሊብሬ አውጡና በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሊብሬ ላይ ያሉት ፊደላት አንድ ዓይነት ናቸው፦ በላቲን ፊደል ኢ በተባለው ቦታ ያለው 17 ፊደልና ቁጥር ያለው የሻንሲ ቁጥር ነው፤ ኤፍ ነጥብ 1 የተፈቀደው ከፍተኛ ክብደት ነው፤ ቢ ደግሞ መጀመሪያ የተመዘገበበት ቀን ነው። መለዋወጫ ሻጭ ክሮኤሽያም ይሁን ፖርቱጋል የሚጠይቃችሁ ያንን የሻንሲ ቁጥር ነው። «ዱካቶ ነው» ማለት አይበቃም፤ ዱካቶ፣ ፔዦ ቦክሰርና ሲትሮየን ጃምፐር ከአንድ ፋብሪካ ወጥተው ሞተራቸው የሚለያይበት ጊዜ አለና።

የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ለያዛችሁ አንድ ተጨማሪ ነገር። ክሮኤሽያ በጥር 2023 ሼንገን (ያለ ድንበር ፍተሻ የሚኬድበት የአውሮፓ ቀጠና) ገብታለች፤ ቦስኒያ ግን የለችበትም። ወደ ክሮኤሽያዋ ዱብሮቭኒክ ከተማ የሚወስደው የድሮው የባሕር ዳር መንገድ ኔኡም ላይ የቦስኒያን መሬት ያቋርጣል። በሐምሌ 2022 የተከፈተው የፔልየሻች ድልድይ ግን ሙሉ በሙሉ በክሮኤሽያ በኩል ያሳልፋል። በድልድዩ ሂዱ፤ ቪዛ የሌላችሁበት አገር ውስጥ መኪና ቢቆምባችሁ የጎታቹ ዋጋ ትንሹ ችግራችሁ ነው የሚሆነው። ከኅብረቱ ውጭ ወደ አልባኒያ ወይም ወደ ቱርክ የምትሄዱ ደግሞ አረንጓዴ ካርድ የሚባለውን የመድን ወረቀት አትርሱ።

ፓስፖርት፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ መድኃኒትና የስልክ ቻርጅ ባንክ በአንድ ትንሽ ቦርሳ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ይቀመጡ። መኪናው ሎቤድ ላይ ከወጣ በኋላ ገብቶ ፓስፖርት መፈለግ የለም።

2. መኪናው እንደቆመ

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ ሳትዘሉ ፈጽሙት።

መጀመሪያ፣ ሞተሩ እየሠራ እስካለ ድረስ ወደ ቀኝ ውጡ። መውጫ ወይም ማረፊያ ቦታ በመቶ ሜትሮች ርቀት ላይ ካለ ቀስ ብላችሁ እዚያ ድረሱ። አራቱንም ፍሬቻ አብሩ፤ መሪውን ወደ ቀኝ ጠምዝዙ።

ከመኪናው ሳትወርዱ አንጸባራቂ ሰደርያ ልበሱ። ሰደርያው አልጋ ሥር ካለው ሳጥን ውስጥ ከሆነ የለም ማለት ነው፤ በሩ ኪስ ውስጥ ይሁን። የጀርመን ሕግ ለአንድ መኪና አንድ ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ እናንተ ግን ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ፣ ለልጆቹም በልካቸው ያዙ።

ሁሉም ሰው ትራፊክ በሌለበት በኩል ወርዶ ከብረት አጥሩ ጀርባ ይቁም። ዝናብ ቢሆንም፣ ሕፃኑ ቢተኛም። ካምፐር ትልቅ ስለሆነ ውስጡ የተቀመጠ ሰው የተጠበቀ ይመስለዋል። ያ ግድግዳ ቀጭን የፕላስቲክና የአሉሚኒየም ሳንድዊች ነው፤ ከኋላ ለሚመጣ የጭነት መኪና ካርቶን ማለት ነው። በዚህ ላይ ከሰው ጋር ተጣልቼ አውቃለሁ፤ አሁንም አልጸጸትም። «እስኪመጡ ሻይ እናፍላ» የሚለውም እዚህ አይሠራም፦ መንገድ ዳር ጋዝ አይለኮስም።

ከዚያ ባለሦስት ማዕዘኑን ምልክት ዘርግታችሁ ከፊታችሁ ይዛችሁ በአጥሩ ጀርባ ወደኋላ ተራመዱ። ጀርመን የመንጃ ፈቃድ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ከተማ ውስጥ 50 ሜትር፣ ገጠር መንገድ ላይ 100፣ አውቶባን (የጀርመን አውራ ጎዳና) ላይ ከ150 እስከ 200 ሜትር ነው። ከአጥሩ ጀርባ መሄጃ ከሌለ ምልክቱን ተዉት፤ ለምልክት ብሎ ሕይወቱን የሚሰጥ ሰው አያስፈልግም። ስፔን ውስጥ ከጥር 2026 ጀምሮ በስፔን የተመዘገቡ መኪኖች በምልክቱ ፈንታ ጣሪያ ላይ የሚደረግ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት መያዝ ይጠበቅባቸዋል። ስለዚህ የስፔን ታርጋ ያለው ካምፐር ከተከራያችሁ መብራቱ መኖሩን ቁልፉን ስትቀበሉ አረጋግጡ።

ዋሻ ውስጥ ከሆናችሁ ነገሩ ሌላ ነው። ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን እዚያው ተዉት፣ ሁላችሁም በአቅራቢያው ወዳለው የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ሂዱና ከግድግዳው ስልክ ደውሉ፤ ያ ስልክ የት እንዳላችሁ ራሱ ይነግራቸዋል። በ1999 የሞን ብላን ዋሻ ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ተቃጥሎ 39 ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎቹ መኪናቸው ውስጥ እንዳሉ ነበር። ከሞተሩ ጭስ ካያችሁ አትመለሱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለስፔን፦ በሜዲትራንያን ዳርቻ በሚወርደው አውራ ጎዳና ላይ የውጭ ታርጋ ያለው መኪና አጠገብ ደርሰው «ጎማችሁ!» እያሉ በእጅ የሚያመለክቱ ሌቦች አሉ። ስትወርዱ አንዱ ያወራችኋል፣ ሌላው ቦርሳውን ያነሳል። መኪናው ደህና እየሄደ ከሆነ ሰው የሚበዛበት ነዳጅ ማደያ እስክትደርሱ አትቁሙ።

3. ማንን መጥራት፣ ምን ማለት

አደጋ ካለ፣ ሰው ከተጎዳ ወይም መኪናው መስመር ዘግቶ ከቆመ 112 ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሁሉ በነጻ ይሠራል። ለብልሽት ብቻ ከሆነ ግን መጀመሪያ የራሳችሁን ክለብ ወይም መድን ጥሩ፤ የውጭ አገር መስመሩን ከነአገር ኮዱ ወረቀት ላይ ጻፉት። ሳትደውሉ በራሳችሁ ጎታች ከጠራችሁ «ሳታሳውቁን ነው» ብለው ሂሳቡን አንከፍልም ሊሉ ይችላሉ። የየአገሩን ክለብ ቁጥር ብታውቁም አይጎዳም፦ ኦስትሪያ 120 ወይም 123፣ ጣልያን 803116፣ ስሎቬኒያና ክሮኤሽያ ሁለቱም 1987።

ከዚህ ደንብ ፈረንሳይ ትለያለች። የፈረንሳይ አውራ ጎዳና ላይ እናንተም መድናችሁም የመረጣችሁት ጎታች መግባት አይችልም፤ የተፈቀደለት ብቻ ነው የሚመጣው። ብርቱካንማውን የአደጋ ስልክ ተጫኑ ወይም 112 ደውሉ። ዋጋው በመንግሥት የተወሰነ ነው፤ ማታ፣ ቅዳሜና እሁድ 50 በመቶ ይጨመርበታል። ከፍላችሁ ደረሰኙን ያዙ፣ ከአውራ ጎዳናው ከወጣችሁ በኋላ መድናችሁ ይረከባችኋል።

ቦታችሁን ለመንገር ዳር ዳር ላይ የቆሙትን የኪሎ ሜትር ሰሌዳዎች አንብቡ፤ የመንገዱ ስም፣ ቁጥሩና የምትሄዱበት አቅጣጫ ይበቃል። ጀርመን ውስጥ መንገድ ዳር ባሉት ነጫጭ ምሰሶዎች ላይ ያለች ትንሽ ቀስት ቅርቡ የአደጋ ስልክ በየት በኩል እንደሆነ ታሳያለች።

ከዚያ ሳይጠይቋችሁ «ካምፐር ነው፤ ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ከፍታው 2.90፣ ክብደቱ 3.5 ቶን ነው» በሉ። ይህን ያላላችሁ እንደሆነ ለትንሽ መኪና የተሠራ ጎታች ይመጣና አይቶ ተመልሶ ይሄዳል። 2.90 ከፍታ ያለው መኪና 1 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሎቤድ ላይ ሲወጣ ወደ 4 ሜትር ይጠጋል፤ ሾፌሩ የትኛው ድልድይ ሥር እንደሚያልፍ ማሰብ አለበት። ሁለት ሰዓት የምትቆጥቡት በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው።

እስኪመጣ ድረስ ቦታው ከትራፊክ የራቀ ማረፊያ ከሆነ ብቻ የጋዙን ሲሊንደር ከራሱ ዝጉ፣ የጣሪያ መስኮቶችን ቆልፉ፣ ድስትና ሳህን ከቁም ሳጥኑ አውርዳችሁ ወለል ላይ ብርድ ልብስ ውስጥ አድርጉ። ሎቤድ ላይ ሲወጣ መኪናው ከለመደው በላይ ወደኋላ ያዘነብላል። እኛ ዘንድ አንድ ጊዜ ሙሉ ጠርሙስ ዘይት ተከፍቶ ፍራሹ ውስጥ ገብቷል፤ ሽታው እስከ ገና ቆየ።

4. ራሳችሁ ልትነኩት የምትችሉት

ሞተሩ ሲሞቅ። ይህን በሰፊው ልንገራችሁ፤ በበጋ ካምፐር የሚያቆመው በብዛት ይህ ነውና። ጣልያን ውስጥ ከብሬነር ተራራ መተላለፊያ ወርደን ትሬንቶን አልፈን ወደ ሮቬሬቶ ስንጠጋ መንገዱ በካምፐርና በካራቫን ተዘጋ። ውጭው 36 ዲግሪ ነው፤ ኤሲው ይሠራል። ባለቤቴ «የሆነ ጣፋጭ ነገር ይሸተኛል» አለች። እኔ የልጆቹ ከረሜላ መስሎኝ ዝም አልኩ። ኩላንት፣ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ሲፈስ ጣፋጭ ሽታ አለው። ከሦስት ደቂቃ በኋላ የሙቀቱ ቀስት ከመሃል ተነሳ።

ቀስቱ መነሳት እንደጀመረ ኤሲውን አጥፉ፤ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ። ልጆቹ ያለቅሳሉ፤ ነገር ግን ማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ስለሆነ ከሞተሩ ሙቀት ይወስዳል። ዳር ይዛችሁ ቁሙ፣ አጥፉ። እኔ ቆሜ ፍራንክፈርት ወደሚኖር፣ አዲስ አበባ ውስጥ ጋራዥ ወዳደገ አንድ ታላቅ ሰው ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ቀስቱ ቀዩ ላይ ደርሷል።»

«ሞተሩን አጥፍተሃል?»

«አሁን አጠፋሁት።»

«በል ኮፈኑን ክፈትና ራቅ በል። ክዳኑን እንዳትነካ! ሰምተኸኛል? አንድ ሰዓት። ሰዓትህን እየው።»

የጋሼ ቁጣ ምክንያት አለው። የማቀዝቀዣው ውሃ በግፊት ታፍኖ ስለሚዞር ከ100 ዲግሪ በላይ ሆኖም አይፈላም። ክዳኑን ስትከፍቱ ግፊቱ በአንድ ጊዜ ይለቀቅና ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ላይ ቆዳ ያስከፍላል። ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ሞተር ላይ ማፍሰስም ቴስታታውን፣ የሞተሩን የላይኛ ክፍል፣ ሊሰነጥቅ ይችላል።

ሰዓቱ ሲያልፍ በእጅ መብራት የረጠበውን ቦታ ፈልጉ። የኛው የላይኛው የራዲያተር ጎማ ቱቦ የጣት ያህል ተቀዶ ነበር። ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ ቱቦውን አድርቃችሁ ራሱ በራሱ በሚጣበቅ የሲሊኮን ቴፕ እየሳባችሁ ደጋግማችሁ ጠቅልሉት፣ ውሃ ጨምሩ፣ ቀስቱን እያያችሁ እስከሚቀጥለው መውጫ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። የዘይት ክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ ነገር ካያችሁ ወይም ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ሳያቋርጥ ከወጣ ግን የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ተበልቶ ሊሆን ስለሚችል ሞተሩን ዳግም አታስነሱት። በቀዩ ቀስት አምስት ኪሎ ሜትር መንዳት የአንድ ቱቦ ዋጋ የሞተር ዋጋ ያደርገዋል።

ባትሪ ሲወድቅ። ካምፐር ሁለት ዓይነት ባትሪ አለው፤ ሞተር የሚያስነሳውና የቤቱን መብራትና ውሃ ፓምፕ የሚያንቀሳቅሰው። መብራቱ በርቶ ሞተሩ «ትክ» ብቻ ካለ የቤቱ ደህና ነው፣ የሞተሩ ሞቷል ማለት ነው። ርካሽ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ይኑራችሁ፦ ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት ገደማ ሙሉ ነው፤ ከ12 በታች ባዶ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ከ13.8 እስከ 14.4 ካልወጣ ችግሩ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ነውና በኬብል አስነስታችሁ ሩቅ አትሄዱም። በዱካቶ ባትሪው ኮፈን ውስጥ የለም፤ ወለሉ ሥር፣ በሾፌሩ እግር በኩል ነው። ለማስነሻ የሚሆን ቀይ ክዳን ያለው ፖዘቲቭ ጫፍ ግን ኮፈኑ ሥር አለ። ቀዩን ኬብል ከሞተው ፖዘቲቭ ወደ ደህናው ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን ከደህናው ነጌቲቭ ወደ ሞተው መኪና ባዶ ብረት ግጠሙ። ስትነቅሉ ከኋላ ወደፊት ነው፦ መጨረሻ የገጠማችሁት መጀመሪያ ይወጣል።

ነዳጅ ስትሳሳቱ። እኛ ናፍጣ የምንለውን ቼክና ስሎቫኪያም ናፍታ ነው የሚሉት፤ እዚያ ደስ ይላል። ስፔን ግን ጋሶሌኦ ናፍጣ፣ ጋሶሊና ቤንዚን ነው፤ ደክሞት ለሚያነብ ሰው ወጥመድ ነው። ጣልያንም ጋሶሊዮ ሲል ናፍጣ ማለቱ ነው። ከ2018 ጀምሮ በኅብረቱ ማደያዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ምልክት አለ፤ ናፍጣ አራት ማዕዘን ውስጥ ቢ 7፣ ቤንዚን ክብ ውስጥ ኢ 5 ወይም ኢ 10 ነው። ቃሉን ትታችሁ ቅርጹን እዩ። ከተሳሳታችሁ ቁልፉን አታዙሩት፣ መኪናውን ገፍታችሁ ከማደያው ዳር አድርጉና ጎታች ጥሩ። ሞተሩ ካልተነሳ ታንኩን ማጠብ ይበቃል፤ ከተነሳ ፓምፑና ኢንጀክተሮቹ ይከተላሉ። አድብሉን (የናፍጣ ጭስ ማጥሪያ ፈሳሹን) ናፍጣ ታንክ ውስጥ የጨመረም እንዲሁ ያድርግ።

ፍሬን ሲሸት። የኦስትሪያውን የግሮስግሎክነር ተራራ መንገድ (ሆህቶር በተባለው ቦታ ላይ 2504 ሜትር ነው) ስትወርዱ በከባድ ማርሽ ውረዱ፤ ፍሬኑን አጥብቃችሁ ያዙና ልቀቁት፣ እግራችሁ ላዩ ላይ ተደፍቶ አይክረም። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ወይም ፔዳሉ ከለሰለሰ ባለው ማረፊያ ቁሙና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ውሃ አታፍሱበት፤ የእጅ ፍሬን በጋለ ዲስክ ላይ አትሳቡ፣ ማርሽ አስገብታችሁ ከጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ካልተቀየረ ቁልቁለት ላይ ቶሎ ይፈላል።

ጎማ። ብዙ ካምፐር ስኮርታ የለውም፤ ማሸጊያ ፈሳሽና ትንሽ ኮምፕሬሰር ብቻ ነው ያለው። ያ በጎን ለተቀደደ ጎማ አይሠራም። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው በኋላ ያሉት የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ሳምንትና ዓመት ናቸው፦ 2318 ማለት የ2018 23ኛ ሳምንት ነው። ጥርሱ ቢያምርም ስድስት ዓመት ያለፈው ጎማ ላይ እኔ ልጆቼን አልጭንም፤ ካምፐር ቆሞ ስለሚከርም ጎማው የሚሞተው በዕድሜ ነው።

ዱካቶ ላላችሁ ደግሞ ሁለት የታወቀ አመል፦ ከ2006 እስከ 2014 በተሠሩት ከፊት መስታወቱ ሥር የሚሰበሰበው ዝናብ ሞተሩ ላይ ይንጠባጠባል፤ ቅጠሉን ከውሃ መውረጃው ጥረጉ። የመጀመሪያዎቹ ደግሞ ወደኋላ ዳገት ሲወጡ ይንቀጠቀጡና ፍሪሲዮን ይበላሉ። ካምፕ ውስጥ ቦታ ስትመርጡ በፊት ገብታችሁ በፊት የምትወጡበትን ምረጡ።

5. ጋራዡ ውስጥ

ሮቬሬቶ አቅራቢያ ያለች መንደር ጋራዥ ደረስን። ሽማግሌው መካኒክ ጀርመንኛም እንግሊዝኛም የላቸውም። እኔ እያመለከትኩ «ራዲያተር፣ ጎማ» አልኩ። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ኮፈን?» ከፈቱት። «ፍሪሲዮን ደህና፣ ፍሬን ደህና፣ ባትሪ ደህና» አልኩ በጣቴ እየቆጠርኩ። «ጣልያንኛ የት ተማርክ?» ብለው ጠየቁኝ። አንድም ቃል ጣልያንኛ እንደማላውቅ፣ ያወራሁት አማርኛ እንደሆነ ማስረዳት ከቱቦው ጥገና በላይ ጊዜ ወሰደ።

ስለዚህ ጣልያን ውስጥ አትፍሩ፤ የኛ ጋራዥ ግማሹ የእነሱ ቃል ነው። ፍሬቻ፣ ካንዴላ፣ ክሪክ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቡሎን፣ ቸርኬ፣ ማርሚታ ስትሉ ትንሽ ጠምዘዝ አድርገው ይረዱታል። ጎማ የሚጠግነውንም እንደኛው ጎሚስታ ነው የሚሉት፤ ሰሌዳውን መንገድ ዳር ታነቡታላችሁ። ሌላ አገር ደግሞ ፎቶና የስልክ ተርጓሚ ተጠቀሙ። ተርጓሚው ውስጥ አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ «መቼ ጀመረ፣ ሲሞቅ ነው ወይስ ሲቀዘቅዝ፣ ምን ድምፅ አለው።» ድምፁን በስልክ መቅዳት ከማስመሰል ይሻላል፤ እኔ በአፌ የዲናሞ ቤልት ለማስመሰል ሞክሬ ሙሉ ጋራዥ አስቄአለሁ።

ሥራው ሳይጀመር ዋጋውን በጽሑፍ ጠይቁ፦ ጣልያን ፕሬቬንቲቮ፣ ፈረንሳይ ዴቪ፣ ጀርመንና ኦስትሪያ ኮስተንፎርአንሽላግ ይሉታል። ከዚህ ዋጋ በላይ ከሄደ ሳትጠይቁኝ አትቀጥሉ የሚል አንድ መስመር አስጽፉበት። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ስጡኝ በሉ። አንድ ጊዜ ሌላ አገር ውስጥ ይህን ሳላደርግ ቀርቼ፣ ያልተቀየረ ፓምፕ «ቀየርን» ተብዬ ከፍያለሁ፤ ያወቅኩት ቤት ገብቼ መኪናው ሲፈታ ነው።

ማታ ጋራዡ ግቢ ውስጥ መተኛት ይቻል እንደሆነ በግልጽ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ እሺ ይላሉ፤ አንዳንዱ የመብራት ገመድ ይዘረጋላችኋል። የሚከለክሉበት ዋነኛ ምክንያት ጋዝ ነውና ሲሊንደሩን ዘግታችሁ አሳዩአቸው። መኪናው ሊፍት ላይ ከወጣ ግን አትገቡበትም፤ ስለዚህ የሁለት ቀን ልብስና የልጆቹን ነገር ቀድማችሁ አውርዱ።

6. ነሐሴ

ጣልያን ውስጥ ነሐሴ 15 በነሱ አቆጣጠር፣ በእኛ ነሐሴ 9፣ ፌራጎስቶ ነው። የእመቤታችን ፍልሰት በዓላቸው ነው፤ የኛ ፍልሰታ ከመፈታቱ ሳምንት ቀደም ብሎ ይውላል። በበዓሉ ሳምንት ብዙ ጋራዥና መለዋወጫ ቤት ይዘጋል። እኛ የቆምነው በነሱ ነሐሴ 13 ከሰዓት በኋላ ነበር። ትክክለኛው ቱቦ እስኪመጣ አሥር ቀን አሉን። ሽማግሌው ከመደርደሪያ ሌላ ተራ ቱቦ አውርደው በቢላ ለክተው ቆረጡና በሁለት ማሰሪያ ቀለበት አጠበቁት። በዚያው ቱቦ አንኮና ደርሰን በመርከብ ግሪክ ገብተን ተመልሰናል።

ስለዚህ ነሐሴ ውስጥ ስትቆሙ «ኦሪጅናሉ መቼ ይመጣል?» ከማለት በፊት «ቤት የሚያደርስ ምን ማድረግ ይቻላል?» ብላችሁ ጠይቁ። በመሪና በፍሬን ላይ ግን ይህ ድርድር የለም፤ እዚያ ላይ ኦሪጅናሉን ጠብቁ፣ መድናችሁም እንዲልክ አስገድዱ። ለሌላ ጊዜ ልታቆዩት ያሰባችሁት የመኪና ሰርቪስ ካለባችሁ ከሐምሌ በፊት፣ ከቤታችሁ አጠገብ አስጨርሱት።

7. የማይጠገን ሲሆን

የማጓጓዣው ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ከበለጠ መድኑ አላመጣም ሊል ይችላል። ለዚህ ነው የካምፐሩን ዋጋ የሚያሳይ ወረቀት፣ የውስጥ ሥራውን ደረሰኝ ጨምሮ፣ በስልካችሁ መያዝ የሚያስፈልገው፤ እነሱ የተራ ዕቃ ማመላለሻ መኪና ዋጋ ሲያስቡ እናንተ የቤት ዋጋ ታሳያላችሁ። መኪናውን ትታችሁ ከሄዳችሁ ውስጡን በቪዲዮ ቅረጹ፣ የኪሎ ሜትሩን ቁጥርና የነዳጁን መጠን ፎቶ አንሱ፣ ቁልፍ የተረከበው ሰው ይፈርም። ቱርክ ውስጥ መኪናው በስማችሁ ስለሚመዘገብ ለጉምሩክ ሳታስረክቡ ያለ መኪናው መውጣት አትችሉም፤ አውሮፕላን ከመቁረጣችሁ በፊት ይህን ጨርሱ።

ተጠግኖ ከተረከባችሁ ደግሞ ወዲያው አውራ ጎዳና አትውጡ። በመንደሩ ዙሪያ ሃያ ደቂቃ ንዱ፣ ቆማችሁ ሥሩን በመብራት እዩ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የውሃውን መጠን እንደገና ለኩ። ጎማ የተፈታ ከሆነ ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ ቡሎኖቹ በልካቸው ዳግም ይጥበቁ። ከዚያ የጋዙን ሲሊንደር ክፈቱ፤ ሻዩ አሁን ይፈላል።